ሰው አልሠራውም የምትሉ፣ እስቲ ቤተ አማኑኤል እንገናኝ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ከአዲስ አበባ ወደኛ ላሊበላ የመጡ መሐንዲስ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ። ዝም አሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ «ይሄማ በሰው እጅ የሚሆን ነገር አይደለም» አሉኝ። በዚያ ቀን ይህን የነገሩኝ ሦስተኛው ሰው ነበሩ። ከሳቸው በፊት አንዲት ከአሜሪካ የመጣች ልጅ ከሌላ ፕላኔት የወረዱ ፍጡራን ሳይሆኑ አይቀርም ብላኛለች፤ ከሷም በፊት አንድ ጎረምሳ ቴምፕላር ስለሚባሉ የፈረንጅ ፈረሰኞች በስልኩ ያየውን ቪዲዮ ሊያስረዳኝ ሞክሯል። እዚሁ ከተማ ተወልጄ፣ በልጅነቴ ቤተ ማርያም በር ላይ የሰው ጫማ ጠብቄ፣ አሁን ደግሞ አስጎብኚ ሆኜ ስኖር ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ብቆጥር ኖሮ ጸጉሬ የሸበተበት ምክንያት ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የሆዴን ልናገር። መጀመሪያ ቀላል ቀላሎቹን ላስወግድ።

«ላሊበላ ጎንደር ውስጥ ናት።» አይደለችም። ሰሜን ወሎ፣ ላስታ ናት። የፋሲል ግንብ የት ጋ እንደሆነ እዚህ መጥታችሁ የምትጠይቁኝ ሰዎች፣ ጥያቄውን ለጎንደር ልጆች አቆዩላቸው።

«ከተማዋ ድሮም ላሊበላ ነበር ስሟ።» ሮሃ ነበረች። ላሊበላ የንጉሡ ስም ነው፣ ከተማዋ ከሱ ወረሰችው። ሲወለድ ንብ ከቦት እናቱ ንቦቹ ንግሥናውን አወቁ ብላ ስሙን እንዳወጣችለት ነው አባቶች የሚነግሩን፤ ቃሉም ከአገውኛ ነው ይላሉ። ላስታ የንብ አገር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህ ትረካ አይደንቀውም።

«ሴት አትገባም።» ትገባለች። ሴት የማትገባው ቤተ ጎልጎታ ብቻ ነው። ሴት አትገባም የሚለውን ወሬ አምና፣ ባሏን አስገብታ ከሁሉም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቁጭ ያለች እንግዳ ገጥማኝ ያውቃል፤ አምስተኛው ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። እስከዚያ የደከማት መስሎኝ ነበር።

«ትልቁ ቤተ ጊዮርጊስ ነው።» ፎቶው ስለበዛ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ወርዱም ቁመቱም ጥልቀቱም አሥራ ሁለት ሜትር አካባቢ ነው። ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ርዝመቱ ብቻ 33 ሜትር ያልፋል። እዚያ ገብታችሁ ዓምዶቹ መሐል ስትቆሙ ፎቶ ማንሳት ትረሳላችሁ።

«አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያቸውን ተቆርጠው የቆሙ ናቸው።» አራቱ ናቸው ሙሉ ለሙሉ ከተራራው የተለዩት፤ መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ አማኑኤልና ጊዮርጊስ። አባ ሊባኖስ በአራቱም ጎን ተለይቶ ጣሪያው ግን ከላይ ካለው አለት ጋር እንደተያያዘ ነው። ሌሎቹ አንዳንዱ በአንድ ጎን፣ አንዳንዱ በሦስት ጎን ተራራውን የሙጥኝ ብለዋል፤ ዋሻ የሆኑም አሉ።

«አዳም መቃብር የሚባለው ውስጥ አዳም ተቀብሯል።» ኧረ ወገኖቼ። ጎልጎታ አለ፣ ዮርዳኖስ አለ፣ ቤተ ልሔም አለ፣ ደብረ ዘይት አለ። ቦታው ኢየሩሳሌምን እንዲያስብ ተብሎ ነው ስሙ የወጣለት።

«በጦርነቱ ጊዜ ፈርሷል ሲባል ሰማን።» አልፈረሰም። ቆመው ይጠብቋችኋል። የተጎዳው እንግዳ ጠብቆ የሚኖረው ሰው ነው፤ መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ እሱ ሳይወጣ ጦርነቱ ገባ። ከአስጎብኚ ጓደኞቼ አንዱ ዛሬም ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣል፤ የፈረንሳይኛ ቋንቋውን ከበጎቹ ጋር ነው የሚለማመደው።

አሁን ወደ ዋናው።

«ሰው አልሠራውም» የሚለው ነገር የዛሬ ቪዲዮ የወለደው አይምሰላችሁ። አምስት መቶ ዓመት ሆኖታል። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በፈረንጆቹ 1520 ወደ አገራችን ገብቶ ስድስት ዓመት ሲቆይ እዚህም መጥቶ አይቷል። የጻፈው ነገር ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል የሚያነበኝ ሰው አያምነኝም ብሎ መጻፉ እስኪሰለቸው ድረስ ተደንቆ፣ የጻፍሁት እውነት ነው ብሎ በእግዚአብሔር ስም ይምላል። በሌላ በኩል ሥራው በሃያ አራት ዓመት እንዳለቀና የሠሩትም ግብጾች፣ ማለትም ነጮች እንደሆኑ ሰዎች ነገሩኝ ይላል። ግብጾቹ ቆይተው ቴምፕላር ሆኑ፣ ቴምፕላሮቹ ደግሞ ሰሞኑን ከሰማይ መውረድ ጀምረዋል። ባለሙያው ይለዋወጣል እንጂ አንድ ነገር አይለወጥም፤ የላስታ ሰው በምንም መንገድ አይሆንም።

ከመሐንዲሱ ጋር ያደረግሁትን ልንገራችሁ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብዬ ቤተ አማኑኤል ወሰድኋቸው። ውጪ ቆመን ግድግዳውን እንዲያዩ አደረግሁ። ግድግዳው ለጥ ያለ አይደለም። አንድ ረድፍ ወጣ ይላል፣ ቀጣዩ ረድፍ ገባ ይላል፣ ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ገባ፣ እንዲህ እያለ ከታች እስከ ላይ ይሄዳል። መስኮቶቹን አዩ፤ በየማዕዘናቸው የእንጨት ግንድ ጫፍ የመሰለ አራት ማዕዘን ነገር አለ። «ይህ ምን ይመስልዎታል?» አልኋቸው። ጠጋ ብለው በእጃቸው ዳበሱት። መሐንዲስ ናቸውና ቶሎ ገባቸው። «እንጨት ነው እኮ። የእንጨት ማሰሪያ ነው። ግን ድንጋይ ነው» አሉ።

እሱ ነው ነገሩ። በአክሱም ዘመን ግንብ ሲገነባ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረገ ነበር። እንጨቱ ግድግዳውን ያስራል፤ የጋድም ግንዶቹ ጫፍ ወደ ውጪ ወጥቶ ይታያል፣ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። ደብረ ዳሞ ብትወጡ፣ ወንዶች ከሆናችሁ ማለት ነው፣ እውነተኛውን እንጨት ታያላችሁ። አክሱም ሐውልቶቹ ላይ ያው የእንጨት ጫፍ በድንጋይ ተቀርጾ ታያላችሁ። እዚሁ እኛ ጋ ደግሞ ከከተማው በመኪና ሄዳችሁ ይምርሐነ ክርስቶስ ብትደርሱ፣ ትልቅ ዋሻ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ጥቁር እንጨት፣ ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁር እንጨት፣ ነጭ ግድግዳ። ያሠራው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፣ ከላሊበላ በፊት የነገሠ ዛግዌ። (ይምርሐነን ከአለት የተፈለፈለ ነው የምትሉም አላችሁ፤ አይደለም፣ ዋሻ ውስጥ የተገነባ ነው።)

እና አሁን አስቡት። አንድ ድንጋይ የሚፈለፍል ሰው እንጨት አያስፈልገውም። አለቱ ወጥ ነው፣ የሚታሰር ነገር የለውም። ታዲያ ለምን ድካሙን ችሎ የእንጨት ረድፍ በድንጋይ ይቀርጻል? ቤተ ክርስቲያን ማለት ለሱ እንደዚያ ያለ ቤት ስለሆነ ነው። አባቱ የተሳለመው፣ እሱ ክርስትና የተነሣበት ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ ነበረ። ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር የደብረ ዳሞን የግንድ ማሰሪያ ከየት ያውቀዋል? የፈረንሳይ ፈረሰኛስ ቢሠራው የአገሩን ቅስትና ማማ አይሠራም ነበር? እንግዲህ ቴምፕላሮች እዚህ መጡ የሚል አንድም ሰነድ፣ አንድም ጽሑፍ አልተገኘም። የንጉሥ ላሊበላ ስም በግእዝ የተቀረጸባቸው የእንጨት መንበሮች ግን እዚሁ አሉ። ትግራይ ውስጥ ደግሞ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ከመቶ በላይ ናቸው፤ ይህ ሙያ ላስታ ላይ አንድ ማለዳ ከሰማይ አልወደቀም።

መሐንዲሱ ከኪሳቸው ሜትር አወጡ። (በሜትር የሚጓዝ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።) የረድፎቹን ስፋት አንድ በአንድ ለኩ። አንዱ ከአንዱ በአንድ ጣት ይበልጣል፣ ሌላው በሁለት ጣት ያንሳል። «በዓይን ነው የሠሩት» አሉና ፈገግ አሉ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ «ታዲያ የተፈለፈለው ድንጋይ የት ገባ?» ይህን እንደ መጨረሻ ጥይት ነው የሚተኩሱብኝ። የትም አልገባም፣ ቆማችሁበታል። ፈረንሳዮችና ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በአብያተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለውን መሬት አጥንተዋል፤ በየቦታው የምታዩት ጉብታ ያኔ ተጠርቦ የተደፋው ፍርስራሽ ክምር ነው። ክምሩ ንብርብር ስላለው፣ ቁፋሮው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያየ ዙር መካሄዱን ከሱ ነው የሚያነቡት። እኛ በልጅነታችን ጨርቅ ጠቅልለን ኳስ ስንጫወትበት የነበረው ጉብታ እንደዚያ ያለ መሆኑን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አለቱም እንደምታስቡት አይደለም። «ያን ጥቁር ድንጋይ እንዴት ቆረጡት» ትላላችሁ። ጥቁር ድንጋይ አይደለም፤ ቀይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ለመሮ እሺ ይላል። መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈራል፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ብሎክ ይቀራል፣ ከዚያ ከጣሪያ ወደ መሠረት እየተወረደ ይጠረባል፤ ውስጡ በመስኮትና በበር ተገብቶ ይፈለፈላል። መሰላልና መወጣጫ የሚያስጨንቀው ከታች ወደ ላይ የሚገነባ ሰው ነው። እዚህ ቆመህ የምትሠራበት ወለል ሁልጊዜ ከእግርህ ሥር አለ። ከባዱ ነገር ስህተት አለመፈቀዱ ነው፤ የተቆረጠ ዓምድ አይመለስም። በነገራችን ላይ መቄት ውስጥ፣ ጋሸና አካባቢ፣ ዳግማዊ ላሊበላ የሚባል ቦታ አለ፤ አንድ አባት ከጥቂት ረዳቶች ጋር በኛ ዘመን በእጅ መሣሪያ ፈልፍለው ያወጧቸው አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ሂዱና ከየትኛው ፕላኔት እንደመጡ ጠይቋቸው።

«ታዲያ መላእክት ረድተውታል የምትሉትስ?» ብሎ ሊይዘኝ የሚፈልግም አለ። አዎ፣ እንላለን። እኔም እላለሁ። ግን ትረካውን በደንብ ስሙት፤ ቀን ሰው ይሠራል፣ ሌሊት መላእክት ያግዛሉ ነው የሚለው። መሮ የያዘውን ሰው ከታሪኩ ያወጣ የኛ አባት የለም። ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ።

«ሁሉንም አንድ ንጉሥ በአንድ ዘመን ሠራው» የሚለው ግን ከኛ ከራሳችን አስጎብኚዎች ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ሁለታችንም እንስማማ። ንጉሥ ገብረ መስቀል ላሊበላ በፈረንጆቹ አሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና አሥራ ሦስተኛው መጀመሪያ ላይ የነገሠ፣ በመሬት ስጦታ ሰነዶች ጭምር የሚታወቅ ሰው ነው። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልንና ቤተ መርቆሬዎስን ያጠኑ ምሁራን ግን እነዚህ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሆነው ያልተሠሩ፣ ምሽግ ወይም ቤተ መንግሥት የነበሩ፣ ከንጉሡም የሚቀድሙ ሊሆኑ ይችላሉ ይላሉ። ገብርኤል ወሩፋኤል በድልድይ ስትገቡ፣ ከሥራችሁ ያለውን ገደል ስታዩ ይህ አባባል ይገባችኋል። ቤተ አባ ሊባኖስን ደግሞ ባለቤቱ ንግሥት መስቀል ክብራ አሠራችው ነው ትውፊቱ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ገነተ ማርያም የይኩኖ አምላክ ዘመን ነው፤ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ አለ። ሁሉን ለአንድ ሰው ሰጥቶ መገላገል ይቀላል፣ እሱን አውቃለሁ፤ በተለይ እንግዳው ርቦት ሰዓቱን ሲያይ።

ከገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ያለው ጨለማ ዋሻ አክሱም ድረስ ይደርሳል የሚባለውንም ተዉት። የምታልፉት በደቂቃዎች ነው። የሲኦል ምሳሌ ስለሆነ መብራት ሳታበሩ ቀኝ እጃችሁን ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ ማለፍ ነው። ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ይህን ተናግሬ ያልሰማኝ ረጅም ሰው ሁሉ በግንባሩ ታዝቦኛል።

ቀዩ ቀለም ተቀብቶ ነው የምትሉ፣ ግማሽ እውነት አላችሁ። አለቱ ራሱ ቀይ ነው። ግን በ1940ዎቹ በተደረገ ጥገና አብያተ ክርስቲያኑ ሬንጅ ተቀብተው በላዩ ቀይ ቀለም ተደርጎባቸው ነበር፤ ሬንጁ እርጥበት አፍኖ ጉዳት አመጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የጣሊያኑ አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ቡድን መጥቶ ነው ያነሣው። የመድኃኔ ዓለም የውጪ ዓምዶችም ብዙዎቹ በጥገና የተተኩ ናቸው። ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም ሲመዘግበን ይህ ሁሉ አልፎ ነበር።

ከአብያተ ክርስቲያኑ በላይ የተዘረጋው መጠለያም ያናድዳችኋል፤ «ይህን ቆርቆሮ ምን አመጣው» ትላላችሁ። ዝናብ ነው ያመጣው። ለመሮ እሺ ያለ አለት ለዝናብም እሺ ይላል፤ ጣሪያው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ሥዕሉ ይረግፋል። መጠለያዎቹ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርተው በ2000 ዓ.ም ቆሙ፤ አምስቱን ይሸፍናሉ፣ ቤተ ጊዮርጊስ የለበትም። ችግሩ ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ መቆማቸው ነው። እናቴ ማታ ንፋስ ሲነሣ «ያ ብረት ዛሬ ይውደቅ ይሆን?» እያለች ነው የምትተኛው። ዝናቡን ማስቆሙ እውነት ነው፣ የኛ ስጋትም እውነት ነው። መጠለያውን ነገ አንሡት የሚል ሰው ነሐሴ ላይ መጥቶ ጣሪያው ላይ የሚወርደውን ውሃ ይይ።

ገናን በተመለከተ። «ገና ካልሆነ ላሊበላ ምን አለ» የምትሉ ሰዎች ከተማውን በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈት ሱቅ አደረጋችሁት። እርግጥ ገና ገና ነው። የንጉሡም ልደት በዚያው ቀን ታኅሣሥ 29 ነው የሚከበረው። ሌሊቱን በማሕሌት አድሮ ሲነጋ ቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ ላይ፣ ካህናቱ ከላይ በአፋፉ ይሰለፋሉ፣ ሌሎቹ ከታች በግቢው ይቆማሉ፤ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ከዚያ «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» ይባላል። ይህን ግን ረፋዱ ላይ በአውሮፕላን ደርሰው ሊያዩ የሚመጡ አሉ። አልቋል! ከራያ፣ ከዋግ፣ ከጎጃም በእግሩ ቀናት ተጉዞ የመጣው ገበሬ በጋቢው ተጠቅልሎ ቦታ የያዘው ከማታ ጀምሮ ነው። እናንተም ዋዜማውን ኑ፤ አልጋ ከወራት በፊት ያዙ፤ ዋጋው ሲያስደነግጣችሁ እኔን አትቆጡኝ።

ምክሬን ከጠየቃችሁኝ፣ ባትጠይቁኝም፣ ጥቅምትና ኅዳር ኑ። ክረምቱ አልፎ ተራራው አረንጓዴ ነው፣ ሰው የለም፣ ካህናቱ ጊዜ አላቸው፣ መስቀሉን በእርጋታ ያሳዩአችኋል። ወይም ሰኔ 12፣ የንጉሡ የዕረፍት በዓል። ቅዳሜን ጨምሩበት፣ ገበያ ነው፤ ማር፣ ጤፍ፣ በግ፣ ከየተራራው የወረደ ሰው። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ከፍታው 2500 ሜትር አካባቢ ነውና ጋቢ ያዙ። አንድ ቀን ለአሸተን ማርያም ስጡ፤ በእግር ውጡ፣ በበቅሎም ይሆናል፣ ቁልቁል ከተማው መዳፍ ታክላለች። ነአኩቶ ለአብ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ላይ ነው፤ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገበታ ሲጠራቀም ትሰማላችሁ። ወፍራም ካልሲ አድርጉ፤ ጫማ ይወልቃል፣ ምንጣፉ አሮጌ ነው፣ ቁንጫውም እንደ ምንጣፉ ነባር ነዋሪ ነው። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ፎቶ ላይ ያስጠላል፣ ሌሊት ግን ትተኛላችሁ።

አንድ የቀረችኝ። «አስጎብኚ ለምን ያስፈልጋል፣ ስልኬ ላይ ካርታ አለ።» የእንጀራዬ ነገር ስለሆነ አድልዎ አለብኝ፣ አልክድም። አምና ሁለት ወጣቶች እንዲህ ብለውኝ ቤተ መርቆሬዎስን በካርታ ሊያገኙ ሄዱ። ካርታው ቤተ ክርስቲያኑ ከመሬት በታች መሆኑን አይነግርም። ዞረው ዞረው የአክስቴ ጓሮ ገቡ። አክስቴ እንግዳ ናቸው ብላ እንጀራ አቀረበች፣ ቡና አፈላች፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ማታ ሆቴላቸው በር ላይ አገኘኋቸውና «እንዴት ነበር መርቆሬዎስ?» አልኋቸው። «በጣም ደስ ይላል፣ ሴትዮዋ ነገም ኑ ብላናለች» አሉኝ።